ሳትተነፍስ የደወለችው ሰዓት

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ከቤተ ዘመድ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ «ደቂቃ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ነው የሚሉ ነበሩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰው የቆመ ሰዓቱን አስረክቦ «መቼ ልምጣ?» ሲለው ምንጊዜም «አንዲት ደቂቃ!» ይል ነበር፤ ያቺ ደቂቃ ደግሞ አንዳንዴ ወር ትፈጃለች። ደንበኞቹ ተናደው ያወጡለት ስም ነው። እሱ አልተቀየመም። «ዓመት ብለው ቢጠሩኝስ ኖሮ?» ብሎ ይስቃል።

በመምህርነት ተመድቤ ወደዚያች ከተማ ስሄድ ማረፊያዬ እሱ ቤት ሆነ። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ፤ ከሱቁ የሚለየኝ ስስ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሲቆይ ግን ለመድኩትና፣ አንዱ ሰዓት እንኳ ቢቆም ብንን ብዬ የምነቃ ሆንኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። በመስኮቱ ሥር ያለው የሥራ ጠረጴዛ ከሌላ ጠረጴዛ ከፍ ይላል፤ ሥራው ወደ ዓይን እንዲቀርብ ተብሎ ሰው ሲቀመጥ ደረቱ ላይ እንዲደርስ ሆኖ የተሠራ ነው። ከጠርዙ ጋር የአቡጀዲ ሽርጥ በምስማር ተመቷል። አጎቴ ሲቀመጥ የሽርጡን ጫፍ ቀበቶው ውስጥ ይወትፋል። ከወረንጦው ያመለጠች ብሎን ወለል ላይ ከወደቀች ጠፋች ማለት ነው፤ ሽርጡ ላይ ከወደቀች ግን ትገኛለች። በዚህ ምክንያት አጎቴ ሲጠሩት ብድግ የማይል ሰው ነበር። እትዬ የምላት ሚስቱ፣ «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ጭኑን አራግፎ ነው የሚወጣው» ትላለች።

የሰዓት ሥራን በዚያ አካባቢ የተከሉት አለቃ ናቸው። አለቃ የሚባሉት የሰዓት ሠሪዎቹ ሁሉ አስተማሪ ስለነበሩ ነው እንጂ በወጣትነታቸው ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት ሰዓቱ የቆመችበት ሰው በባቡር ወደ ሩቅ ከተማ ይልካታል፤ ከተመለሰች ተመለሰች፣ ካልተመለሰች ደግሞ ግድግዳው ላይ የቀረውን ምስማር እያየ ይኖራል። አንድ ጊዜ ግን ሣጥን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰዓት ጠጋኝ መጣና እግሩ ተሰብሮ አለቃ ቤት ተኛ። አልጋ ላይ ሆኖ እስኪያገግም ድረስ የሚያውቀውን ሁሉ አስተማራቸው። ሲሄድም ከመሣሪያው ግማሹን ለውለታቸው ትቶላቸው ሄደ።

መለዋወጫ የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አይታሰብም። አለቃ ነሐሱን ከአሮጌ የበር እጀታ አቅልጠው፣ ዘንጉን ከስፌት መርፌ ሞርደው፣ ዘይቱን ከከብት ኮቴ ቀቅለው ነበር የሚሠሩት። ቀስ በቀስ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ አጎቴም አንዱ ነው። ደቀ መዛሙርቱም በተራቸው ሱቅ ከፈቱና ሱቃችን ያለበት መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰዓት ሠሪ መንገድ ሆነ። የመንገዱ ሥርዓት ደግሞ አንድ ነው። ሰዓት በመጣችበት ቀን አትከፈትም። መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ትደመጣለች፤ ስትሄድ፣ ስታነክስ፣ ስትቆም ጆሮ ይሰጣታል። በማግስቱ ነው ካቻቢቴ የሚነሣው። «ቶሎ የሚከፍት ሰው ሐኪም አይደለም፣ ሥጋ ሻጭ ነው» ይሉ ነበር አለቃ።

ከእጃቸው ሥራ ሁሉ ትልቋ የማማዋ ሰዓት ናት። ከተማው መሃል ባለው የድንጋይ ማማ ላይ ናት። ጎማ የሚሏቸውን የነሐስ መዘውሮቿን በኮምፓስ አካፍለው፣ ጥርሶቿን አንድ በአንድ በሞረድ አውጥተው፣ ከፋብሪካ ምንም ሳይገዙ የሠሯት ናት። ለደወሏ የራሷ ጎማ አላት። በዚያ ጎማ ፊት ላይ ዙሪያውን ችንካሮች ተተክለዋል። ጎማው ሲዞር እያንዳንዱ ችንካር የመዶሻውን ጭራ ያነሣና ይለቀዋል፤ መዶሻውም ደወሉን ይመታል። ታዲያ ከችንካሮቹ አንዱ ከቦታው የፀጉር ያህል አልፎ ነው የተተከለው። የእሱ ተራ ሲደርስ ምቱ ይዘገያል። ዳን፣ ዳን፣ ዳን... ቆም ትልና... ዳን።

ከተማው ይህችን ቆም ማለቷን በጣም ይወዳታል። «ሰዓታችን ተነፈሰች» ይላሉ። ርቆ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ደወሏን ሰምቶ «እሰይ፣ ገባሁ» ይላል። ልጆች ሲጫወቱ ደወሏን እየተከተሉ ይቆጥራሉ፤ በትንፋሿ ላይ ቀድሞ የቆጠረ ይሸነፋል። ትንፋሿ የአለቃ ጥበብ ናት ብሎ የማያምን ሰው አልነበረም። ስህተት መሆኗን የሚያውቁት ራሳቸው አለቃና አጎቴ ብቻ ነበሩ። አጎቴ ገና ሥራ ሲማር ማማው ላይ ወጥቶ ጎማውን ሲያጸዳ ችንካሩን አይቶ፣ «አለቃ፣ ይቺ እኮ ከመስመር ወጥታለች» ብሏቸው ነበር። አለቃ ያን ቀን እስኪመሽ ለማንም ቃል ሳይናገሩ ዋሉ። አጎቴም ዳግመኛ አላነሣባቸውም።

እኔ ስደርስ ያ ሁሉ አልፎ ነበር። የባትሪ ሰዓት መጥቶ፣ ኋላም ሰዉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ለምዶ፣ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋል። በመንገዱ ላይ አጎቴ ብቻውን ቀርቷል። አለቃ ዓይናቸው ጠፍቶ ከማማው ሥር ባለው የልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። አጎቴ የማማዋን ሰዓት ለመሙላት በወጣ ቁጥር ሲወርድ እሳቸው ጋ ጎራ ይላል። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደወሏ ስትመታ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ስላለፈው ነገር ሲያወጉ ይውላሉ።

ነገሩ የመጣው ማዘጋጃ ቤቱ ማማው ግድግዳ ላይ የአለቃን ስም የያዘ የነሐስ ሰሌዳ ለመስቀል የወሰነ ጊዜ ነው። ከየከተማው የአለቃን ዝና የሰሙ፣ ደወሏን ግን ሰምተው የማያውቁ ሰዓት ሠሪዎች ተጠሩ። አጎቴ ወሬውን የሰማ ቀን ደስታው ወሰን አልነበረውም። ራቱ ላይ ግን የቆረሰውን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለሰው።

«ምነው ደግሞ?» አለችው እትዬ። «አሁን ስትፈነጥዝ አልነበረም እንዴ?»

«የሚመጡት ሰዓት ሠሪዎች ናቸው» አለ።

«ታዲያ ማን እንዲመጣልህ ነበር፣ ዳቦ ጋጋሪ?»

«አንቺ አይገባሽም። የከተማው ሰው ትንፋሽ ይላታል። የሩቅ ሰዓት ሠሪ ግን ቆም ስትል ሲሰማ ምን እንደሆነ ያውቃል። አለቃ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እነዚያ በክርናቸው ሲጓሸሙ... አይሆንም። ሞቼ ነው የምገኘው።»

«አለቃን ጠይቃቸዋ!»

«ይህ ይጠየቃል? እንዲያፍሩብኝ?»

አጎቴ ያን ጊዜ ያሰበው ለአለቃው እንደነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን ኋላ ከራሱ አፍ እንደሰማሁት፣ ከፍቅሩ ሥር ሌላም ነገር ተደብቆ ነበር፤ አለቃ ያልቻሉትን እኔ አስተካከልኩት የምትል ትንሽ ኩራት። «እሷ ናት የገደለችኝ» ይል ነበር።

ማማው ላይ ወጥቶ ጎማውን አወረደ። ሥርዓቱን ሳያደርስ፣ ሳያሳድር፣ ሳያዳምጥ በዕለቱ ሱቁ ውስጥ ባለው የብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው ላይ አሰረው። ጠማማውን ችንካር በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሊያወጣው ሲል ጎማው «ቀጭ!» አለ። ድምፁን ከጓዳ ሰማሁት። ሮጬ ስወጣ አጎቴ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ቆሟል። አሮጌ ነሐስ ላዩ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ ይደርቃል። ስንጥቁ ከችንካሩ ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ መሃሉ ደርሷል። ችንካሩ የነበረበት ቦታ ተፈርክሶ ወድቋል።

ሌላ ጎማ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም። እንግዶቹ ሊደርሱ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ምን ይውጠው? የመብራት ሠራተኛውን ለምኖ፣ መዶሻውን እያነሣ የሚመታ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጠመ። ሞተሩን በእንጨት ሣጥን ሸፈነው። ደረጃው ገደል ስለሆነ እንግዳ እዚያ ድረስ እንደማይወጣ ያውቃል።

በዓሉ ያማረ ሆነ። አለቃ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ሰሌዳው ተገለጠ። ልክ በዚያ ሰዓት ደወሏ መምታት ጀመረች። ዳን፣ ዳን፣ ዳን፣ ዳን። ቀጥ ያለች፣ የማትዛነፍ። እንግዶቹ እጅግ አደነቁ፤ «በእጅ ተሠርታ እንዲህ?» ተባባሉ። የከተማው ሰው ግን እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ልጅ ጮክ ብላ «እማዬ፣ ዛሬ ሳትተነፍስ ደወለች እኮ!» አለች። እናቷ አፏን ያዘቻት። አጎቴ ከአለቃ ወንበር ጀርባ ቆሞ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ጭብጨባው ሲበረታ አለቃ ተነሥተው እጅ ነሡ።

ከዚያን ቀን በኋላ አጎቴ ወደ አለቃ በረንዳ መሄድ አቆመ። ሰዓቷን ለመሙላት ማማው ላይ መውጣቱ አልቀረም፤ ሲወርድ ግን በጓሮ በኩል፣ በቆዳ ፋቂዎቹ ጠባብ መንገድ አፍንጫውን ይዞ ይሾልካል። የአለቃ ልጅ ሱቃችን መጥታ «ጋሽ ደቂቃ ታመመ እንዴ? አባባ ጠይቂ ብለውኝ ነው» ስትል እሱ ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ብሎን የሚፈልግ መስሎ ተጎንብሶ ነበር። እትዬ ናት «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው» ብላ የሸኘቻት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ «ውጣ እንግዲህ፣ ጉንፋኑ ሄዷል!» አለችው። አልሳቀም። እዚያው እንዳጎነበሰ ቆየ።

ብዙም ሳይቆይ የመብራት ሠራተኛው መጠጥ ቤት ተቀምጦ አወራና ወሬው ተዳረሰ። ከዚያ ወዲያ መከራው ነው። አጎቴ በመንገድ ሲያልፍ «ደቂቃ፣ ሞተሩ ደሞዙን ተቀበለ?» ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ከእኛ ጋር የተጎራበተ ነውና፣ ደወሏ በመታች ቁጥር ብቅ ብሎ «ሰዓቷ ሞታለች፤ እስትንፋሷ ቀጥ ብሏል!» እያለ ያሾፋል። ሰዉ ማሾፉን ሲሰለች ደግሞ ከንፈሩን መምጠጥ ጀመረ፤ ያ የባሰ ሆነ። አጎቴ ድሮ ጎዳናውን ሞልቶት የሚሄድ ሰው ነበር፤ አሁን የግድግዳ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሆነ። ምሳው ሳይነካ ይመለሳል። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል አለቃ በልጃቸው እጅ ተመርተው ሲያልፉ አየና፣ ዓይን የሌላቸው ሰው እንዳያዩት ራሱን ከመጋረጃው ጀርባ ደበቀ። እኔ እንዳየሁት ሲያውቅ ደግሞ ፊቱ ቀላ።

በልቡ የያዘው ግን አዲስ ጎማ መሥራትን ነበር። የመንገዱ ሰዓት ሠሪዎች ሕግ፣ ባለቤቱ ያመጣትን ሰዓት ራሷን መመለስ ነው፤ አሳምረህም አበላሽተህም አይደለም። ከተማው ያስረከበው የምትተነፍስ ሰዓት ናት። ስለዚህ የምትተነፍስ አድርጎ ሊመልሳት ቆረጠ። ነሐሱን አቀለጠ፣ ክቡን አወጣ፣ በኮምፓስ ሊያካፍል ተቀመጠ። ኮምፓሱን እንደያዘ ቀረ። ጠማማው ችንካር የቱ ጋ ነበር? ምን ያህልስ ነበር ያለፈው? የተፈረከሰው ቦታ ምንም አይናገርም። መጠኑን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

«እንግዲህ ሂድና ጠይቃቸው» አለች እትዬ፣ በዚህ ጊዜ ሳትቀልድ። «ሌላ መንገድ የለህም።»

«ምን ብዬ? ሥራዎን ሰበርኩትና ስህተትዎን ያውሱኝ ልበል?»

«ያንኑ በል።»

ሸሚዙን ቀየረ። ደጃፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ወጣ። በመጨረሻ ወደ ክፍሌ ብቅ ብሎ፣ ዓይኔን ሳያይ «የኔ እናት፣ እስቲ አብረሽኝ ነይ» አለኝ። መምህርት ብሆንም፣ ልጅ ሳለሁ ጨለማ ስፈራ እሱ ነበር እጄን ይዞ የሚያሻግረኝ። ተነሥቼ ተከተልኩት።

አለቃ በረንዳው ላይ ነበሩ። ኮቴውን ሰምተው ገና ሳንደርስ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ።

«ጉንፋንህ ተሻለህ?» አሉ።

አጎቴ የተሰነጠቀውን ጎማ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበርና ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። ጨርቁን ፈቱ። ጣቶቻቸው ጠርዙን ዞሩት፣ ጥርሶቹን ዳበሱ፣ ስንጥቁ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማን ነው አብሮህ ያለው?»

«የእህቴ ልጅ ናት፣ አለቃ። መምህርቷ።»

«ትቀመጥ። የምትሰማው ግን እዚሁ ይቅር።» ያን አደራ እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፤ አሁን ግን ሁለቱም በሕይወት የሉም። ማማው ላይ ቁጥሩ በመብራት የሚታይ ሰዓት ተሰቅሏል። ባወራው የሚያፍር ሰው ስላልቀረ ነው የምጽፈው።

አጎቴ ሁሉንም ነገራቸው። ሳይደብቅ፣ ኩራቱን እንኳ ሳያስቀር ነገራቸው። ሲጨርስ አለቃ ጨርቁን መልሰው ጎማው ላይ አለበሱት።

«በመጀመሪያው ምት ነው ያወቅሁት» አሉ ኋላ። «የኔ ሰዓት ከመምታቷ በፊት ታጉረመርማለች፤ ክብደቱ ሲለቀቅ። ሞተርህ ምንም ሳይል ነው የመታው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያወቅሁት። ስሜን የለጠፋችሁት በሞተር ላይ እንደሆነ እያወቅሁ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አየህ? ‹ይህ የኔ አይደለም› ማለት ነበረብኝ። ጭብጨባው ጣፈጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ በቆዳ ፋቂዎቹ መንገድ ስትሾልክ፣ እኔም እዚህ ተቀምጬ ኮቴህን እሰማለሁ። ጠርቼህ በነበረ፤ ግን ምን ልልህ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አለቃ።»

«አልችልም ገና» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው እውነቱን መናገራቸው ነው። «ቀስ ብሎ ይመጣ ይሆናል።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደማያዩት ዘንግቶ። ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ በጭንቅ አወጣው። «አዲስ ጎማ ጀምሬያለሁ። የችንካሩን ቦታ... መጠኑን ቢነግሩኝ። እንደ ነበረች ልመልሳት።»

አለቃ ጎማውን ከጭናቸው ገፋ አደረጉት።

«ለምን ተብሎ? ሰው ትንፋሽ ይላታል። እኔ ምን ስትለኝ እንደኖረች ታውቃለህ? በየሰዓቱ፣ ስበላ፣ ስስቅ፣ ልጄን ስድር፣ ‹እዚህ ጋ እጅህ ስቷል› ስትለኝ ነው የኖረችው። ሲያመሰግኑኝ አፌ ተሳስሮ ዝም አልኩ። አንዴ ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልናገር? አሁን ጎማው ከተሰበረ ተሰበረ። ቀጥ አድርገህ ሥራው። ጉዴን መልሰህ አትትከልብኝ።»

«ሰዉ ግን፣ አለቃ... ሰዉ ትንፋሿን ነው የሚፈልገው። ምን እላቸዋለሁ?»

«እሱን አላውቅም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። «ብቻ የኔን አትንገርብኝ። አደራ።»

አጎቴ እጃቸውን ስሞ ወጣ። መንገድ ላይ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አየሁና ስለ ትምህርት ቤቴ አንድ የማይረባ ወሬ ጀመርኩለት።

ያን ክረምት ሙሉ ጎማውን ሲሠራ ከረመ። እትዬ የእጅ መሰርሰሪያውን ታዞርለታለች፤ እሱ ቀዳዳውን ይመራል። «ቀኝ» «ግራ» ሲባባሉ ይውላሉ፤ እየተጣሉም እየሳቁም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ችንካሮቹ ሁሉ እኩል ተተከሉ። ጎማው ተወልውሎ ማማው ላይ ወጣ፤ ሞተሩ ተነቅሎ ለመብራት ሠራተኛው ተመለሰ። ደወሏ በራሷ ክብደት፣ በራሷ ጉርምርምታ መምታት ጀመረች። ምቷ ግን እኩል ነው። ዳን፣ ዳን፣ ዳን፣ ዳን።

የከተማው ሰው ልዩነቱን አልሰማውም። ለእሱ የማትተነፍስ ሰዓት ሞተር ናት፤ አለቀ። «ደቂቃ ሌላ ሞተር ገዛ» ተባለ።

አለቃ ጢማቸው አድጎ ነበርና አንድ ቀን ጠዋት አጎቴን አስጠሩት። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። እየመራ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አመጣቸው። እኔም ከሱቃችን ደጃፍ ስላየኋቸው፣ ወንበሩ ላይ ሲወጡ ልደግፍ ገባሁ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል። ፀጉር አስተካካዩ የአለቃን ፊት በአረፋ ሸፍኖ ምላጩን ቆዳ ላይ እየሳለ ሳለ ደወሏ መታች። ሰዉ ሁሉ ቆጠረ።

«ይኸው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጋሽ ደቂቃ፣ ሞተሩን አውጥቻለሁ ትላለህ አሉ።»

«አውጥቻለሁ። ወጥተህ እይ።»

«ያንን ደረጃ? ጉልበቴን ማን ይመልስልኛል! ለኔ ጆሮዬ ይበቃኛል። በል ንገረና፣ ሞተር ካልሆነች ለምን አትተነፍስም?»

አግዳሚው ላይ ካሉት አንዱ «እንዴታ! መልስ እንጂ!» አለ። ሳቅ ሆነ።

አጎቴ አለቃን አየ። ከአረፋው መሃል ሁለት የማያዩ ዓይኖች ወደ ጣሪያው ተተክለዋል። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አለ።

ሳቁ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ያፏጨ መሰለኝ። «የአለቃን ሥራ? ትንፋሿን?»

«አዎ። ከማይነካ ቦታ ገብቼ ነካሁ። እንደ ነበረች መመለስ አቃተኝ።»

«ኧረ ጉድ ነው! እሳቸው እዚህ ተቀምጠው፣ አታፍርም?»

«አፍራለሁ» አለ አጎቴ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ ሲያሳርፍ አለቃ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አወጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አረፋው ተሰነጠቀ። «እ...» አሉ።

«አለቃ፣ እባክዎ አይናገሩ! ምላጩ ጉሮሮዎ ላይ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አፋቸውን ገጠሙ። ምላጩ አንገታቸውን ወጣ፣ ጉንጫቸውን ዞረ፣ አገጫቸውን ጨረሰ። ፊታቸው በፎጣ ተጠረገ። ሁላችንም እየጠበቅን ነበር።

«አሁን ይበሉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ምን ሊሉ ነበር?»

አለቃ አገጫቸውን ዳበሱ።

«ውሃው ቀዝቅዟል» አሉ።

አጎቴ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ከወንበሩ አውርዶ ክንዱን ሰጣቸው። አለቃ ክንዱን ሲይዙት ጣቶቻቸው ኮቱ ውስጥ እስኪሰጥሙ ጨበጡት፤ አጎቴም እንዳልተሰማው ሆነ። አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ ሌላው ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ቀስ ብለው መንገዱን ያዙ። ከኋላቸው ነበርኩና የሚያወሩትን እሰማለሁ። እስከ በረንዳው ድረስ የመላጫ ውሃ ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት ነበር የሚያወሩት።